ሣር ማጨጃና የጓሮ ዕቃ ስቶር ሲገባ አይጥን ማራቅ

ሣር ማጨጃ ማሽን ሥራው ሲያልቅ ስቶር ወይ ጋራዥ ጥግ ይገፋና ለወራት ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ አይጥ የምትፈልገው ደሞ ልክ እንደዚህ ዓይነት የማይነካ፣ ጨለማ፣ ንፋስ የማይገባው ቦታ ነው። ብዙ ሰው አይጥ ስቶር የምትገባው የሚበላ ፍለጋ ብቻ ይመስለዋል ግን ማሽኑ ውስጥ የምትገባው ጎጆ ፍለጋ ነው፣ ሽቦ ስትቀረጥፍም ርቧት አይደለም፣ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ካልቀረጠፈች አይሆንላትም። ይሄን መያዝ ጥሩ ነው ምክንያቱም መፍትሄውም ከዚህ ይነሳል፣ መጀመሪያ ጎጆ መሥሪያዋን መንሳት፣ ቀጥሎ መግቢያዋን መዝጋት፣ ወጥመድና መርዝ ምናምን የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው።

የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነች ክፍተት ትሾልካለች፣ በቀላሉ ለመለካት እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥም ያስገባል ብላችሁ አስቡት። እርግዝናዋ 3 ሳምንት ገደማ ነው፣ በአንዴ አምስት ስድስት ትወልዳለች፣ የተወለዱት ደሞ በ6 ሳምንት አካባቢ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ፣ ስለዚህ አንዲት እርጉዝ አይጥ ወቅቱ መጀመሪያ ላይ ከገባች ማሽኑ ተመልሶ ሲወጣ ስቶሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። ውሃም ብዙ አትፈልግም፣ ከምትበላው እህል የምታገኘው እርጥበት ሊበቃት ይችላል፣ ስቶሩ ደረቅ ነው ብሎ መተማመን አያዋጣም።

ማሽኑ ውስጥ በጣም የምትወደው ቦታ ሞተሩ ላይ ያለው ሽፋን ሥር ነው። አብዛኛው ሣር ማጨጃ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር የለውም፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያሉት ማራገቢያዎች ከላይ አየር ስበው ሲሊንደሩን በከበቡት ስስ የብረት ቅጠሎች መሃል ይነፉታል። አይጧ ታዲያ በነዛ ቅጠሎች መሃል ደረቅ ሣር፣ የተበጣጠሰ ወረቀት፣ ከወንበሩ የተቦጨቀ ስፖንጅ ትጠቀጥቃለች፣ ከውጪ ሲታይ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ይነሳል፣ ያጭዳል፣ ግን አየር አያልፍምና ሞተሩ ይግላል፣ ሲብስ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጋ ያለው ማሸጊያ ይቃጠላል፣ ደረቁ ጎጆ ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሌላው ቦታ የአየር ፊልተሩ ሳጥን ነው፣ ከዛ የማርሚታው አፍ፣ ከዛ የሚነዳው ዓይነት ከሆነ የወንበሩ ሥር፣ እዛ ደሞ ሰው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋው የሴፍቲ ስዊች ሽቦ አለ፣ እሱ ከተቀረጠፈ ማሽኑ እምቢ ይልና ባለቤቱ ባትሪ ሲቀይር ካንዴላ ሲቀይር ይከርማል። ሽንቷም አሉሚኒየሙንና የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹን ይበላል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ነው። የካንዴላውን ገመድ መንቀል (እጅ ቢላው አጠገብ ከመሄዱ በፊት ሁሌም ይሄ ይቀድማል)፣ ከዛ ማሽኑን ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እና ፊልተሩ ወደ ላይ እንዲሆኑ አድርጎ ማጋደል፣ አለበለዚያ ዘይቱ ፊልተሩ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ቢላው የሚሽከረከርበት ላሜራ ሥር የተጋገረውን ሣር ፍቆ ማውጣት። የሣር መሰብሰቢያ ከረጢቱን አራግፎ አጥቦ አድርቆ ለብቻው መስቀል፣ ሞተሩ ላይ ያለውን አቧራና ሣር በኮምፕሬሰር መንፋት። አሰልቺ ነው ግን ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከዚህ በታች ነው ባይ ነኝ።

ስቶሩን መዝጋት ላይ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳውን በፎም ብቻ ሞልቶ መሄዱ ነው፣ ፎም ትቀረጥፈዋለች፣ ጨርቅማ ጭራሽ ጎጆ ይሆናታል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ ከላዩ ሲሊኮን ወይ ሲሚንቶ ማድረግ ነው፣ ሰፋ ላለው ደሞ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ፤ የዶሮ ሽቦ አይሆንም፣ ዓይኑ ሰፊ ነው። የበሩ ሥር በላሜራ ይታሰራል። የሣር ዘር፣ የወፍ ምግብ፣ የአጥንት ዱቄት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተቀመጠ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ግማሽ ነው፣ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ይግባ። ዕቃውን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅም ይረዳል ምክንያቱም አይጥ በጢሟ እየዳሰሰች ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው፣ ገላጣ ቦታ አትወድም። እስከ መሬት የሚወርድ ሸራ ማልበስ አቧራ ይከላከል ይሆናል ግን ለአይጧ ድንኳን ተከላችሁላት ማለት ነው፣ እኔ ቢቀር እመርጣለሁ። ማርሚታውንና የአየር መግቢያውን በሽቦ የሚደፍን አለ፣ አሪፍ ነው፣ ብቻ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፣ ሳይወጣ ሞተሩ እንዳይነሳ።

ጠረን ላይ ብዙ ይወራል። የሚንት ዘይት ቶሎ ይተናል፣ ናፍታሊን ደሞ መርዝ ነው፣ ለዚህ ሥራ የተሠራም አይደለም፣ አየር በሚገባበት ስቶር ደሞ አይጧን ከጎጆዋ የሚያስለቅቅ ኃይል አይኖረውም። ሶኬት ላይ የሚሰካው የማይሰማ ድምፅ አውጪ ዕቃማ፣ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 በላይ አምራቾችና ሻጮች ስለሚያወሩት ነገር ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲኖራቸው አስጠንቅቋል፣ ድምፁም ዕቃ አያልፍም፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለችው አይጥ አትሰማውም።

ወጥመድ ግን ይሠራል። ዊልያም ሁከር አሜሪካ ውስጥ በ1894 ፓተንት ያወጣበት በስፕሪንግ የሚመታው የእንጨት ወጥመድ እስካሁን ርካሹም አስተማማኙም እሱ ነው። ምግብ ያለበት ጫፍ ግድግዳው ጋ ሆኖ ወጥመዱ ወደ ውጪ ይተኛል፣ በየሁለት ሦስት ሜትሩ፣ አንድ ብቻ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም። ለማጥመጃ አተር የምታክል የለውዝ ቅቤ ትበቃለች፣ ጎጆ በምትሠራበት ሰዓት ደሞ ወጥመዱ ላይ የታሰረ የጥጥ ክር ከምግብ እኩል ይስባታል። መርዝ ማሽን አጠገብ ባይደረግ ይሻላል፣ አንደኛ ቀኖች ቆይቶ ስለሚገድል ሄዳ የምትሞተው እዛው ሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉትም ድመትም ይመረዛል። ድመት ራሷስ? ትረዳለች፣ ግን ሽፋን ሥር የገባችውን አታወጣም፣ ጠግባ ከሆነ ደሞ ተኝታ ነው የምታያት።

ማሽኑ ሲወጣ ደሞ ሳያዩ ማስነሳት የለም። የካንዴላው ገመድ ሳይመለስ የሞተሩን ሽፋን ሁለት ሦስት ቡሎን ፈትቶ ማንሳት፣ ፊልተሩን ማየት፣ ሽቦውንና የቤንዚን ቱቦውን በእጅ መዳሰስ፣ የተቀረጠፈ ቱቦ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ጎጆ ከተገኘ በኮምፕሬሰር መንፋት ወይ በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው፣ አንዳንድ አይጦች የሚሸከሙት፣ ሰውን ክፉኛ የሚያሳምም ሃንታ ቫይረስ በሽንትና በፋንድያቸው አቧራ ወደ ሳንባ ይገባል። በሩን ግማሽ ሰዓት ከፍቶ ማናፈስ፣ ጓንት ማድረግ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ጎጆውን ማራስ፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ በወረቀት አንስቶ በሁለት ፌስታል አስሮ መጣል። በረኪና አሉሚኒየም ስለሚበላ የሞተሩ ክፍል ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ፣ ከዛ ሽፋኑ ተገጥሞ የካንዴላው ገመድ ይመለስ።