በፈር ዞን ምንድን ነው? ሜትሩስ የሚቆጠረው ከየት ነው?

ረግረግ አጠገብ ያለ መሬት ለመኖሪያ ግንባታ ይለወጥ በተባለ ቁጥር ክርክሩ አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃል። «30 ሜትር በፈር ተትቷል፤ ነዋሪው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» የሚለውን አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። 30ው ሜትር ከየት ተነሥቶ እንደተለካ ግን አስተያየት ሰጪው አንድ ቃል አይልም።

በፈር ዞን በረግረጉና በግንባታው መካከል ሳይነካ የሚቆይ፣ ዕፅዋት የለበሰ መሬት ነው። መለካት ያለበት ከረግረጉ ጠርዝ ጀምሮ ሲሆን፣ በዓይን ከሚታየው የውኃ ዳርቻ ተነሥቶ የሚለካ ሁሉ ይሳሳታል። መሬቱ ለጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ በበጋ ከ100 ሜትር በላይ ሊራራቁ ይችላሉ። በደረቅ ወቅት ከውኃው ዳር ሜትር ዘርግቶ 30 የቆጠረ ሰው በፈሩን ያሰመረው እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው።

ጠርዙ የሚታወቀው በዋናነት ከአፈሩ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ የጉድጓዱን ግድግዳ ተመልከቱ። ውኃ ጠግቦ የከረመ አፈር አየር ስለሚያጣ በውስጡ ያለው ብረት ይሟሟና ቀለሙ ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ የዕፅዋት ሥር አየር ባስገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ይቀራል። ይህ ምልክት ውኃው በሸሸበት ወራትም ይነበባል። ቄጠማና ፊላ ታጭደው ሊጠፉ ይችላሉ፤ አፈሩ ግን ያለፈውን ይዞ ይቆያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቀደም ብሎ በቦይ የተንጠፈጠፈ መሬትም ግራጫነቱን ስለማይለቅ፣ በዝናብ ወቅት የከርሰ ምድር ውኃው ከፍታ መለካት አለበት። በጣም ጥቁር አፈር ላይም ምልክቱ በቀላሉ አይታይም።

ጠርዙ በትክክል ቢሰመርስ? በፈር እንደ ወንፊት ነው። ዱቄቱ ሳሳ ተደርጎ ሲበተንበት ያጣራል፤ በአንዴ ሲገለበጥበት በዳር ይፈስሳል፤ አንድ ቦታ ከተቀደደ ደግሞ ስፋቱ አያድነውም። ጎርፍም በስሱ ተነጥፎ በሣር መካከል ሲያልፍ ደለሉንና ደለሉ ላይ የተጣበቀውን ፎስፈረስ ጥሎ ይሄዳል፤ በአንድ መስመር ተሰብስቦ ሲመጣ ግን ሣሩን ሰንጥቆ ያልፋል። የመንደሩን ጎርፍ በቱቦ ሰብስቦ፣ ከበፈሩ ሥር አሾልኮ ረግረጉ ውስጥ የሚለቅ ንድፍ ወንፊቱን ቀዶታል። 30 ሜትር ቢሆን 100 ሜትር፣ ውኃው በፈሩን ሳይነካው ያልፋል። የማይሞላ ወንፊትም የለም፤ የተከማቸው ደለል በየጊዜው ካልተነሣ ጎርፉ አዲስ መንገድ ይከፍታል።

የውኃው መጠን ደግሞ ቀላል አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያውና የግቢው ንጣፍ 200 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በ40 ሚሊ ሜትር ዝናብ 8,000 ሊትር ይቀበላል፤ 100 ቤት 800 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ክፍት መሬት ሳለ ብዙው ወደ አፈር ይሰርግ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከመሬት በታች ያለው ነው። ቱቦ የሚቀበርበት ቦይ በአሸዋና በጠጠር ስለሚሞላ ራሱ ውኃ መሳቢያ ይሆናል፤ ረግረጉን የሚመግበው የከርሰ ምድር ውኃም ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። በፈሩ ሳይነካ ረግረጉ ከሥር ሊደርቅ ይችላል። ቦዩን በየተወሰነ ርቀት በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር መድፈን ይህን ይከላከላል፤ ሥራው ውድ አይደለም፤ ንድፉ ላይ ካልሰፈረ ግን ተቋራጩ አይሠራውም።

ስለዚህ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሜትሩ ይጨመር ከማለት በፊት የሚጠየቅ አለ። የረግረጉ መስመር በየትኛው ወቅት ተሰመረ፤ ጉድጓዶቹስ የት የት ተቆፈሩ? የጎርፍ ቱቦው አፍ የት ላይ ነው? ደለሉን ማን፣ በማን ወጪ ያነሣል? የሸክላ ድፍኑስ በየትኛው የንድፍ ገጽ ላይ ተጽፏል?