ተሳቢ ሳይፈቱ ማደር በአዳማ

ተሳቢ ሳይፈቱ ማደር ማለት ከባድ መኪናው ከነተሳቢው እንደተያያዘ ቆሞ ሲያድር ነው። ከጅቡቲ ለሚመጣ ሾፌር አዳማ ከሞጆ ደረቅ ወደብ በፊት ያለች የመጨረሻ ትልቅ ከተማ ናት፣ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው እዚሁ ቢያድር አይገርምም። ምግቡ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡ ሁሉም በእጅ ነው፣ እንደ አዳማ መንገደኛ የለመደ ከተማ ደግሞ ብዙ የለም።

በድሮ ጊዜ ጭነቱን ባቡሩ ነበር የሚያመላልሰው፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከዛ የአሰብ ወደብ ዘመን መጣ፣ ፊያት ኤንትሬ የሚባለው የጣሊያን ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነገሠበት። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋና ጭነቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ በአዳማ የሚያልፈው ተሳቢም ያኔ በረከተ። አዲሱ ባቡር በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ቢጀምርም ተሳቢው ከመንገዱ አልጠፋም።

የማይፈታበት ምክንያት ስንፍና አይደለም። 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ግማሹ ጭነት ተሳቢው ላይ ነው፣ መፍታቱ ቀላል ሆኖ ማታ የፈታኸውን ጠዋት መልሶ ማያያዝ ግን ፈተና ነው፣ ሾፌሩ ወደኋላ እየመጣ ረዳቱ መሀል ገብቶ የመጎተቻውን ብረት ከቀዳዳው ጋር ያገጥማል፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን ይሄ ጣት ያስቆርጣል፣ ከዛም በላይ። ሃይቤድ (ከፊት የራሱ ጎማ የሌለው፣ ፊቱ መኪናው ላይ የሚያርፍ ተሳቢ) ከሆነ ደግሞ ሲፈታ የሚቆመው በፊት እግሮቹ ነው፣ የአዳማ አፈር ልል ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ካልገባ እግሩ እየሰመጠ ያድርና ጠዋት መኪናው ከሥሩ አይገባም። ሌላው ሌባ ነው፤ ተሳቢው ከተያያዘ ጋቢና ውስጥ የተኛ ረዳት ሁለቱንም ይጠብቃል።

ተያይዞ ማደርም የራሱ ሕግ አለው። መኪናና ተሳቢ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከተጠማዘዙ ሁለቱን የሚያያይዘው ፒን ይወጠርና ጠዋት ልፍታህ ቢሉት እምቢ ይላል። ትልቁ ጉዳይ ኤር ነው፣ ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር። የመኪናው የእጅ ፍሬን በስፕሪንግ ስለሚይዝ ኤሩ ቢያልቅም አይለቅም፣ ብዙ አሮጌ ተሳቢ ላይ ግን ስፕሪንግ የለም፣ ፍሬኑን የያዘው የተሳቢው የኤር ታንክ ውስጥ ያለው ኤር ብቻ ነው፣ እሱ ሌሊቱን በቀስታ ሲያፈስ ተሳቢው ይለቃል፣ ክብደቱም በሙሉ መኪናው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባ መደገፊያ) የግድ ነው፣ ለመኪናውም ለተሳቢውም፣ ድንጋይ ብቻ ቢሆን እንኳ። የኤር ቱቦውን ነቅሎ ማደር ይሻላል የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን ቱቦ ነቅሎ መተኛት ታኮን አይተካም ባይ ነኝ። ጠዋት ሞተር ተነስቶ ኤሩ ወደ 7 ባር እስኪደርስ ሳይጠበቅ ታኮ አይነሳም።

ነፋሱም አይረሳ፣ ከከተማዋ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፣ የጭነቱ ሸራ ማታ በደንብ ካልታሰረ ሌሊቱን ሲያጨበጭብ አድሮ ይቀደዳል።

የሚፈታበትም ጊዜ አለ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ፣ ወይ የመኪናው ጭነት ጠባብ ሰፈር ውስጥ ሲራገፍ ተሳቢው ጥበቃ ያለው ግቢ ይቀራል፣ ያኔ ረዳቱ የሚያድረው ከተሳቢው ጋር ነው።