የጃፓን ዴስትሮየሮች፦ ንድፋቸውና የጦርነት ታሪካቸው

ዴስትሮየር ክሩዘር ከሚባለው መካከለኛ የጦር መርከብ አነስ ያለ፣ ፈጣንና ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ እየተጓዘ መርከብ የሚመታ ተወንጫፊ ፈንጂ) የታጠቀ የጦር መርከብ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የጃፓን ባሕር ኃይል በዚህ ዓይነት መርከብ ላይ ትልቅ ተስፋ ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት የትላልቅ የጦር መርከቦችን ድርሻ ለአሜሪካና ለብሪታንያ አምስት አምስት፣ ለጃፓን ግን ሦስት አድርጎ ስለወሰነ፣ የጃፓን አድሚራሎች ፓስፊክን አቋርጦ የሚመጣውን የአሜሪካ ጓድ ከዋናው ፍልሚያ በፊት በሌሊት የቶርፔዶ ጥቃት ማመንመን እንደሚያስፈልግ አመኑ።

በ1928 አገልግሎት የጀመረችው ፉቡኪ የዚህ እምነት ውጤት ናት። ስድስት ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ዝግ የብረት ሽፋኖች ውስጥ የተተከሉ ስለነበሩ ተኳሾቹ ከማዕበል የተጠበቁ ነበሩ፤ ዘጠኝ ባለ 610 ሚሊ ሜትር የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎችም ነበሯት። ነገር ግን በቀላል አካል ላይ ይህን ሁሉ መሣሪያ መጫን ዋጋ አስከፈለ። በሴፕቴምበር 1935 በልምምድ ላይ የነበረ ጓድ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሲገባ፣ ሃትሱዩኪና ዩጊሪ የተባሉት የዚሁ ዓይነት መርከቦች የፊት ክፍላቸው ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ መርከቦቹ ተጠናከሩ፤ ክብደታቸው ከ2,000 ቶን አለፈ፣ ፍጥነታቸውም ወደ 34 ኖት (በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወረደ።

ትልቁ ኃይላቸው ግን ዓይነት 93 የተባለው ቶርፔዶ ነበር። የሌሎች አገሮች ቶርፔዶዎች ነዳጃቸውን በታመቀ አየር ሲያቃጥሉ፣ ይህኛው በንጹህ ኦክስጅን ይሠራ ነበር። የአየር አብዛኛው ክፍል የማያቃጥል ናይትሮጅን ስለሆነ፣ እሱ ሲቀር ቶርፔዶው ሩቅ ይጓዛል፤ በውኃው ላይ የሚተወው የአረፋ መስመርም እምብዛም አይታይም። 9 ሜትር የሚረዝመውና 490 ኪሎ ግራም ፈንጂ የሚሸከመው ይህ መሣሪያ በ50 ኖት ገደማ ፍጥነት 20 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

ኃይሉ ከታየባቸው ሌሊቶች አንዱ ኖቬምበር 30 ቀን 1942 ነው። ሪር አድሚራል ታናካ ራይዞ ስምንት ዴስትሮየሮችን እየመራ በፓስፊኳ የጓዳልካናል ደሴት ለተራቡ የጃፓን ወታደሮች በበርሜል የታሸገ ስንቅ ለማድረስ ሲጓዝ፣ ታሳፋሮንጋ አጠገብ አምስት ክሩዘሮች ያሉትና ራዳር የታጠቀ የአሜሪካ ኃይል ደረሰበት። አሜሪካውያኑ ቀድመው ተኩሰው ታካናሚ የተባለችውን ዴስትሮየር አሰጠሙ፤ የታናካ መርከቦች የለቀቋቸው ቶርፔዶዎች ግን ኖርዝሃምፕተን የተባለችውን ክሩዘር አስጥመው ሌሎች ሦስት ክሩዘሮችን ክፉኛ ጎዱ። ድሉ የጃፓን ነበር፤ ስንቁ ግን ለወታደሮቹ ሳይደርስ ቀረ። ጭነት መርከቦች ዘገምተኛ ስለሆኑና ጎሕ ሳይቀድ ከአሜሪካ አውሮፕላኖች ክልል መውጣት ስለማይችሉ፣ ለታላቅ ፍልሚያ የተሠሩት መርከቦች የሌሊት ጫኝ ሆነው ነበር። እንደ እኔ ግምት የውድቀታቸው ሥር ከንድፋቸው ይልቅ በዚህ ሥራ ላይ ነው።

የንድፉም ጉድለት ግን ቀላል አልነበረም። አብዛኞቹ አውሮፕላንን በሚገባ የሚመክት መሣሪያ አልነበራቸውም፣ ራዳርም ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። በማርች 1943 በቢስማርክ ባሕር ስምንት ጭነት መርከቦች ሲሰጥሙ ከስምንቱ አጃቢ ዴስትሮየሮች አራቱ አብረው ጠፉ። በኦገስት ወር በቬላ ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ ዴስትሮየሮች በራዳር እየተመሩ በቶርፔዶ ከአራት የጃፓን ዴስትሮየሮች ሦስቱን አሰጠሙ፤ የጃፓን የሌሊት ጥበብ በራሷ ላይ ዞረ ማለት ነው። ባለ 100 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፍ የታጠቁት የአኪዙኪ ዓይነቶች ተሠርተው ያለቁት 12 ብቻ ናቸው። በሙከራ ከ40 ኖት በላይ የሮጠችውና 15 የቶርፔዶ ማስወንጨፊያ የነበራት ሺማካዜ ግን ብቸኛ ሆና ቀረች፤ በኖቬምበር 1944 በፊሊፒንስ፣ በኦርሞክ በአውሮፕላን ተመታ ሰጠመች።

ከ19ኙ የካገሮ ዓይነት መርከቦች ከጦርነቱ የተረፈችው ዩኪካዜ ብቻ ናት። ከጦርነቱ በኋላ በውጭ የቀሩ ጃፓናውያንን ወደ አገራቸው ስትመልስ ቆየች፤ በ1947 ለቻይና ሪፐብሊክ ተሰጥታ ታን ያንግ ተባለች፣ በታይዋን ባሕር ኃይልም ለዓመታት አገለገለች።