«ኖ ኮንቴስት» አልኩ፤ ታዲያ ካሣውን የሚከፍለው ማነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ወይም ትንሽ ካምፓኒ ያቋቋመ የአገራችን ሰው ፍርድ ቤት ሲጠራ፣ ቡና ላይ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ኖ ኮንቴስት በልና ተገላገል»። በላቲን ቋንቋ «ኖሎ ኮንቴንደሬ» ይባላል፤ «መከራከር አልፈልግም» ማለት ነው። ለእኛ ነገሩ ቢምታታብን አይገርምም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቁጥር 133፣ ተከሳሹ ዝም ቢል ወይም «አዎ፣ ግን…» እያለ ቢያምን እንደ ካደ ተቆጥሮ ይመዘገብ ይላል። ማመን አለ፣ መካድ አለ፤ ሦስተኛ በር የለም። አሜሪካኖቹ ሦስተኛውን በር ከፍተዋል። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቀደም ብሎ የተፈረመ ውል ነው፤ በተለይ ኢንደምኒፊኬሽን የሚባለው፣ «አንተ ላይ የሚመጣውን ወጪና ዕዳ እኔ እሸፍናለሁ» የሚለው አንቀጽ።

«ኖ ኮንቴስት ያለ ሰው ጥፋተኛ አልተባለም»

ተብሏል። ዳኛው ቃሉን ከተቀበለ ቅጣቱ እንዳመነ ሰው ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ቃል እስራት ሊፈረድ እንደሚችል በ1926 ወስኗል (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒው በጥቅምት 1973 በግብር ማጭበርበር ተከስሶ ይህንኑ ቃል ሰጠ፤ 10,000 ዶላር መቀጮና የሦስት ዓመት የገደብ ጊዜ ተፈረደበት፣ ሥልጣኑንም ለቀቀ። በዚያ አላበቃም። የሜሪላንድ ነዋሪዎች፣ ገዥ ሳለ ጉቦ ተቀብሏል ብለው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ በ1983 ለግዛቲቱ 268,482 ዶላር ከፈለ።

«በፍትሐ ብሔር ክስ ማንም ሊያነሳብኝ አይችልም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። የፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 410 ይህ ቃል በሰጠው ሰው ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይከለክላል። የተከለከለው ግን ቃሉ ብቻ ነው። ምስክሩ፣ የአደጋው ፎቶ፣ የትራኩ ኮምፒውተር መዝገብ ሁሉም እንዳለ ይቀርባል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በከባድ ወንጀል የተሰጠን ኖ ኮንቴስት ከእምነት ቃል እኩል ነው የምታየው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሰውየው ተከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ገንዘብ ሲጠይቅስ? አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1988 ባየው ጉዳይ፣ ኖ ኮንቴስት ብለው የነበሩ ሰዎች «ያለ አግባብ ታሰርን» ብለው ፖሊሶችን ሲከሱ ደንቡ አይጠብቃችሁም ብሏቸዋል። መከላከያው ጋሻ ነው እንጂ ጦር አይደለም። ካምፓኒውን «በውላችን መሠረት ወጪዬን ተካ» ብሎ የሚከስ ሰው ይህ ክርክር ሊመጣበት ይችላል።

«ኖ ኮንቴስት ካልኩ ካምፓኒው አንድ ሳንቲም አይሸፍንልኝም»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ስህተት ነው። ብዙ ትልልቅ ካምፓኒዎች የተመዘገቡባት የደላዌር የኮርፖሬሽን ሕግ፣ ክፍል 145፣ ኃላፊው ኖሎ ኮንቴንደሬ ማለቱ በራሱ ብቻ ቅን ልቦና እንዳልነበረው አያስገምትም ይላል። ቅን ልቦናው ለብቻው ይመረመራል።

ሉዊስ ዎልፍሰን ሜሪት ቻፕማን ኤንድ ስኮት የተባለ ካምፓኒ መሪ ነበር። ብዙ ክስ ተደራረበበት። በመጨረሻ ሐሰተኛ ዓመታዊ ሪፖርት አቅርቧል በሚለው አንድ ክስ ላይ ኖሎ ኮንቴንደሬ አለ፤ 10,000 ዶላር መቀጮና 18 ወር በገደብ ተፈረደበት፣ ዐቃቤ ሕግም ቀሪዎቹን ተወለት። «የጠበቃ ወጪዬን ሸፍኑልኝ» ሲል ካምፓኒው፣ ይሄ በድርድር የተገኘ እንጂ ንጽሕናህ ተረጋግጦ አይደለም አለው። የደላዌር ፍርድ ቤት በ1974 የወሰነው ለዎልፍሰን ነው፦ በወንጀል ክስ ከጥፋተኝነት ውጭ የሆነ ውጤት ሁሉ እንደ ማሸነፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለተተዉት ክሶች የወጣውን ወጪ ካምፓኒው ይሸፍን። አንዱ ክስ ላይ የሰጠው ቃል ሌሎቹን አላበላሸበትም። በግሌ ውሳኔው ልክ ነው እላለሁ፤ ዐቃቤ ሕግ የተወውን ክስ አሠሪው እንደገና ሊያነሳው አይገባም።

«ውሉ ስለ ጥፋተኝነት እንጂ ስለ ኖ ኮንቴስት አያወራም»

እስቲ አውጥተህ አንብበው። የኃላፊ ወይም የሹፌር ውል ላይ ሊገኝ የሚችለው አንዱ አባባል፣ «የጥፋተኝነት ውሳኔ ከተሰጠበት፣ ወይም የእምነት ወይም የኖሎ ኮንቴንደሬ ቃል ከሰጠ» ካምፓኒው ወጪውን አይሸፍንም የሚል ነው። «ወይም» የምትለው ቃል ጉዳዩን ትጨርሳለች። እዚህ ላይ ካምፓኒው ያጠፋኸውን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ቃሉን መስጠትህን ብቻ ያሳያል። ቁጥር 410 ጥፋትን ለማስረዳት እንዳይውል ነው የሚከለክለው፤ ውሉ ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነው።

አንዳንድ ውል ደግሞ «ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ ጥፋቱን ካረጋገጠ» ይላል። ይህ ለፈራሚው የተሻለ ነው፤ ኖ ኮንቴስትን በስም ስለማይጠራ የሚከራከርበት ቦታ ይተውለታል።

የራሱን ትራክ ይዞ ለካምፓኒ የሚሠራ ሹፌር ከሆንክ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካሣ ከፋዩ አንተ ነህ። «በሹፌሩ ቸልተኝነት ለሚደርሰው ጉዳት ሹፌሩ ለካምፓኒው ካሣ ይከፍላል» የሚለው ላይ የፈረምከው አንተ ነህና።

«ቃሌን መስጠት የእኔ ጉዳይ ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም»

ፍርድ ቤት ፊት፣ አዎ። ገንዘቡን በሚመለከት ግን የኢንደምኒፊኬሽን አንቀጾች አብዛኛውን ጊዜ፣ ከፋዩ በጽሑፍ ሳይስማማ መታረቅም ሆነ ኃላፊነትን ማመን ክልክል ነው ይላሉ። ኖ ኮንቴስት በዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ሁለት ጠበቃ የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ ነው። ከቀጠሮው በፊት ለካምፓኒውና ለኢንሹራንሱ አጭር ኢሜይል መላክ ከጭቅጭቁ ይረክሳል። ካምፓኒው ለጠበቃ ቅድሚያ ከፍሎልህ ከሆነም፣ «መብቱ የለህም ከተባለ እመልሳለሁ» ብለህ ሳትፈርም አልቀረህም።

«ትንሽ ቲኬት ነች፤ የትም አትደርስም»

ለሲዲኤል (ትራክ ለመንዳት የሚያስፈልገው የንግድ መንጃ ፈቃድ) ባለቤት፣ የፌዴራሉ ደንብ ፍርድ ቤት የተቀበለውን የኖሎ ኮንቴንደሬ ቃል «የጥፋተኝነት ውሳኔ» ብሎ ይተረጉመዋል። የኢሚግሬሽን ሕጉም በወንጀል ጉዳይ፣ ዳኛው አንድ ዓይነት ቅጣት ከጨመረበት፣ እንደዚያው ያየዋል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው «ኖ ኮንቴስት» ከማለቱ በፊት ከወንጀል ጠበቃው ሌላ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያናግር።