ታይምስታምፕ ምንድን ነው? ፓኬቱ የተላከበት ሰዓት አይደለም

አንዱ በኔትወርክ ቪዲዮ የሚልክ ፕሮግራም ይጽፋል። ቪዲዮው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ የዳታ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ በየፓኬቱም ላይ ታይምስታምፕ የሚባል የጊዜ ቁጥር ይጻፋል። ምስሉ ይንቀረፈፍበታል፣ ድምፁ ይቆራረጥበታል። «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ታይምስታምፑን ራስህ ሙላው። ፓኬቱን ስትልክ የኮምፒውተሩን ሰዓት ለጥፍበት፣ አለቀ።» ሰሞኑንም ይኸው ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ አየሁ። አላለቀም! ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የማወራው ስለ አርቲፒ (RTP)፣ ድምፅና ምስል በኔትወርክ በቀጥታ ስለሚተላለፍበት ፕሮቶኮል ነው። ደንቡ፣ ማለትም በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 3550፣ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ታይምስታምፕ የሚናገረው በፓኬቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ወይም ምስል የተቀዳበትን ቅጽበት ነው። ኢንኮደሩ (ድምፁን ወይም ምስሉን የሚያመቀው ክፍል) ስንት ሚሊሰከንድ ፈጀ፣ ፓኬቱ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ይህ ሁሉ እሱን አይመለከተውም።

የልደት ምስክር ወረቀትን አስቡት። ልጁ የተወለደበት ቀን አለ፣ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ የቀረበበት ቀን አለ። አባት ሦስት ልጆቹን በአንድ ጠዋት ይዞ ቢመጣና መዝጋቢው የዕለቱን ቀን የልደት ቀን አድርጎ ቢጽፍ፣ ሦስቱም በወረቀት መንታ ሆኑ ማለት ነው። ኢንኮደርም እንደዚህ አባት ነው። ጥቂት ይቆይና ሦስት ፍሬም፣ ማለትም የቪዲዮው ሦስት ነጠላ ምስሎች፣ በአንዴ ይተፋል። የተላኩበትን ሰዓት ከጻፋችሁ ሦስቱ በአንድ ቅጽበት የተቀረጹ ይመስላሉ። ተቀባዩ ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ሦስቱን ባንዴ ያሳይና ቀጣዩ እስኪደርስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተመልካቹ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም።

ድምፅና ምስል ለማቀነባበር በሚያገለግለው በጂስትሪመር (GStreamer) ሶፍትዌር «ዱ ታይምስታምፕ» (do-timestamp) የሚባለውን ማብሪያ ሳያስቡ የሚያበሩትም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ። እሱ የሚጽፈው ዳታው ወደ መስመሩ የገባበትን ሰዓት ነው። ለቀጥታ ካሜራ አንዳንዴ ይበቃል። ዳታው ሌላ ቦታ ተቀነባብሮ ከመጣ ግን መዝጋቢው ያው መዝጋቢ ነው።

ቁጥሩ ሚሊሰከንድም አይደለም። ለቪዲዮ አንድ ሰከንድ 90,000 ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ በሁለት ፍሬሞች መካከል 3,600 ይጨመራል፤ 30 ከሆነ 3,000። ኦፐስ በሚባለው ኮዴክ (የማመቂያ ዘዴ) የታመቀ ድምፅ በሰከንድ 48,000 ስለሚቆጠር የ20 ሚሊሰከንድ ፓኬት 960 ይጨምራል። 40 ሚሊሰከንድ ብላችሁ በቪዲዮው ላይ 40 ከጨመራችሁ፣ ተቀባዩ ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ እንዳልሞላ አድርጎ ያነበዋል። (ጂ 722 የሚባለው የድምፅ ኮዴክ ለብቻው ይታይ። ድምፁ በ16,000 እየተቀዳ ታይምስታምፑ በ8,000 ይቆጠራል። ድሮ ደንቡ ላይ የገባ ስህተት ነው፤ የነበሩት መሣሪያዎች እንዳይበላሹ ሲባል እንዲሁ ቀረ።)

ስለዚህ ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ፣ ለድምፅ ሳምፕል፣ ማለትም በየቅጽበቱ የሚወሰደውን የድምፅ ልኬት፣ ቁጠሩ። ዝምታ መጥቶ ፓኬት መላክ ብታቆሙም ቆጠራው አይቆምም። ለቪዲዮ ደግሞ ካሜራው የሰጠውን የቀረጻ ሰዓት ውሰዱ፣ ከመጀመሪያው ፍሬም ያለውን ልዩነት በሰከንድ አስልታችሁ በ90,000 አባዙ። በጭፍን 3,600 እየደመሩ መሄድ አያዋጣም፤ የስልክ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው የፍሬሙን ብዛት ይቀንሳል። አንድ ፍሬም ለብዙ ፓኬት ከተከፋፈለ ሁሉም አንድ ታይምስታምፕ ይይዛሉ። በየፓኬቱ የሚጨምረው ተራ ቁጥሩ ነው።

«ታዲያ ያለ ትክክለኛ ሰዓት ድምፅና ምስል እንዴት ይገጥማሉ?» የሚል ክርክር ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የድምፁም የምስሉም ቆጠራ የሚጀምረው በዘፈቀደ ከተመረጠ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። አንዱ ልጅ ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ የተጻፈ ነው እንበል። ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ማዛመጃ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው የአርቲፒ አጋር በሆነው የመቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል፣ በአርቲሲፒ (RTCP)፣ የሚላከው የላኪው ሪፖርት ነው። «በዚህ የግድግዳ ሰዓት የድምፁ ቁጥር ይህ ነበር» ይላል፤ ለምስሉም እንዲሁ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ቦታው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ታይምስታምፑን ለማስተካከል ሲታገል ይውላል፣ ይህን ሪፖርት ግን ጭራሽ አይልክም። ከዚያ ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ሲሉ ይገረማል።

ሪፖርቱ አንዴ ተልኮ የሚተውም አይደለም። የማይክሮፎኑን ቆጠራ የሚመራው ክሪስታል ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢያዛባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰከንድ በላይ ይንሸራተታል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌትና ቅዳሴ ለውጭ አገር ምእመናን የሚያስተላልፉ ልጆች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

ረጅም ስርጭት ካነሳን፣ ታይምስታምፑ የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። በ90,000 ሲቆጠር በ13 ሰዓት ከሩብ ግድም ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መነሻው ዘፈቀደ ስለሆነ ግን ዙሩ የሚዞረው በ13ኛው ሰዓት ብቻ ነው ብላችሁ አትተማመኑ፤ በሦስተኛው ደቂቃም ሊሆን ይችላል። አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ስለዚህ ስትፈትሹ መነሻውን 4,294,067,296 አድርጉት። በ10ኛው ሰከንድ ላይ ይዞራል፣ ኮዳችሁ ከተሰበረም ያኔውኑ ታዩታላችሁ።