«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ሁለቱ ካሳዎች፣ ሴባስቶፖልና ጊዮርጊስ

ይህን አባባል የምናወጣው ስምና ባለቤቱ ሲገጥሙ ነው። ትዕግሥት የምትባል ነርስ ስትነዘነዝ ውላ ፊቷ ካልጠቆረ፣ «አይ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል!» ይባላል። ለፌዝም ያገለግላል። ሰላም የሚሉት ጎረቤት ሰፈሩን በነገር ሲያምሰው ያው አባባል ይደገማል፤ የሚለወጠው ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ የሚነገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስሙ ያልሰመረለት ሰው ሲያጋጥም ማንም መልአኩን አያነሳም።

ምንጩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላደገ ሰው ሩቅ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት የእስማኤልን ስም ለአጋር የነገራት መልአክ ነው። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ገብርኤል ለዘካርያስ የሚወለደውን ልጅ ዮሐንስ እንዲለው ያዘዋል። ዘመድ ግን አልተዋጠለትም። ከወገናችሁ በዚህ ስም የሚጠራ የለም ብለው ተከራከሩ። አንደበቱ የተያዘው ዘካርያስ ሰሌዳ አስመጥቶ ስሙን በጽሑፍ አጸና። እኔ ይሄን ክርክር እወደዋለሁ፤ ዛሬም አራስ ቤት ገብቶ ስም ላይ የማይሟገት አያትና አክስት የለም።

እኛ ጋ ስም የሚያወጣው በአብዛኛው የወላጅ ሆድ ነው። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወለድ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይሉታል። የሚገርመው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለት ካሳዎች ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሁለቱም ግን በካሳነታቸው አልነገሡም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ፤ ያንኑ ገብርኤል ያወጣውን ስም መረጠ ማለት ነው። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ቀድሞ ይወራ ነበር። ካሳ ኃይሉ ስሙ እስኪገጥመው አልጠበቀም፤ ሄዶ ወሰደው። አባባሉን ገልብጦታል ብል አላጋነንኩም።

ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስትወርዱ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይን ታገኛላችሁ። መሃሉ ላይ አፉን ወደ ሰማይ ያነሳው መድፍ የሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ዋናው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ መቅደላ ላይ ቀርቷል። ደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ ተጎትቶ ነው መቅደላ የደረሰው። ስሙ የክራይሚያ ወደብ ከተማ ስም ነው። ከተማዋ ለአንድ ዓመት ያህል ተከባ በእንግሊዞች፣ በፈረንሳዮችና በአጋሮቻቸው እጅ የወደቀችው እንደ ፈረንጆቹ በ1855 ነበር። ቴዎድሮስ የነገሠውም በዚያው ዓመት ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ መድፉም ባለቤቱን አላዳነም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ካልን፣ ያን ዕለት መልአኩ ክፉ ቀን ላይ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አደባባዩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም መጠራቱ አይገርምም? በ1933ቱ ነፃነት እንግሊዞች አብረውን ስለነበሩ ቢሆንም፣ ቴዎድሮስ ቢሰማ ምን ይል ነበር እላለሁ።

ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ አንድ ስም ለብዙ ባለቤት ይበቃል። ፒያሳ ላይ «ጊዮርጊስ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከቀጣዩ ቃል ነው። «ጊዮርጊስ ጋ ጠብቀኝ» ካለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። «ጊዮርጊስ አሸነፈ» ካለ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ የተመሠረተው ክለብ፣ ፈረሰኞቹ ናቸው። «አንድ ጊዮርጊስ» ካለ አስተናጋጇ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች። «ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው» ካለ ወሩ 23 ገብቷል።

ይቺ 23 ራሷን የቻለች ወሬ ናት። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቶ ነበር። ራስ ተፈሪም እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ወጡ። የቀድሞ ስማቸው ግን አልጠፋም፤ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ የራስ ተፈሪያን እምነት መጠሪያ ሆነ። ከንጉሡ ስም ይልቅ የራሱ ስም ሩቅ ተጓዘ።

በቦታ ስም ግን መልአኩን ባናስቸግረው ይሻላል። ሜክሲኮ አደባባይ እንዲያ የተባለው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። እነሱም አጸፋውን መልሰዋል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በከተማ ባቡሩ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ «ኢትዮጵያ ወራጅ አለ» ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ሲል ፓስፖርት የሚያወጣ የለም፤ ሁሉም የሚያወጣው ዝርዝሩን ነው።