የሌንስ ኮምፕረሽን ምንድን ነው? ተራራውን ያቀረበው ሌንሱ አይደለም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ሰሞኑን ሲዞር ነበር። ሁለት ሀገር አቋራጭ አውቶብሶች፣ ከኋላቸው ቅጥቅጥ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ሲኖትራክ። ተደራርበው ይወርዳሉ። አንዱ የሌላውን ኋላ ሊነካ ምንም ያልቀረው ይመስላል። ተራራው ከላያቸው ላይ ተደፍቷል። አንዱ «እነዚህ ሾፌሮች ሕዝብ ሊጨርሱ ነው» አለ። ሌላው «ተዉት፣ ፎቶሾፕ ነው» አለ። ሦስተኛው አዋቂ ነኝ ባይ መጣና ነገሩን ዘጋው፦ «ሌንስ ኮምፕረሽን ነው። ረጅም ሌንስ ኋላ ያለውን ነገር ስቦ ያቀርባል።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እረዳቸዋለሁ። የከነከነኝ ሦስተኛው ነው። ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰማሁት! አውቶብስና ባቡር ማንሳት የጀመሩ ልጆች ሁሉ ይዘውት ይዞራሉ። ከዚያ ብር አጠራቅመው ረጅም ሌንስ (ሩቁን አጉልቶ የሚያነሳ) ይገዛሉ። ድሮ ከሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመው ያነሳሉ። ተራራው ግን አይቀርብም። አውቶብሱ ተቆርጦ ግማሹ ፊቱ ብቻ ይወጣል። ሌንሱ ተበላሽቷል ብለው ያማርራሉ።

ሌንስ ምንም ነገር አይስብም። ከፊት ያለው ነገርና ከኋላ ያለው ነገር በፎቶ ላይ ስንት ለስንት ሆነው እንደሚታዩ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ከሚታየው ውስጥ ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ነው።

አውቶብስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣችኋል እንበል። አውቶብሱ መናኸሪያ ውስጥ ቆሟል። ውጭ አንድ ሚኒባስ አለ፣ ከሱ በላይ የጦሳ ተራራ ይታያል። አሁን መጋረጃውን ከግራም ከቀኝም ሳቡትና ጠባብ ክፍተት ብቻ አስቀሩ። ጦሳ ቀረበ? አልቀረበም። ሚኒባሱስ አነሰ? አላነሰም። የምታዩት ነገር ብቻ ጠበበ። ዙም ማለት ይኸው መጋረጃ መሳብ ነው። ልዩነቱ ካሜራው ያቺን ጠባብ ክፍተት ወስዶ ሙሉ ወረቀት እስክትሞላ ያሳድጋታል። ስታድግ ሚኒባሱም ተራራውም እኩል ያድጋሉ። አንዱ ብቻውን አያድግም። አሁን ደግሞ ሾፌሩ ሞተር አስነሳና አውቶብሱ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ እንበል። ሚኒባሱ በጣም ያንሳል። ጦሳ ግን እንደነበረ ነው፣ መቶ ሜትር ለተራራ ምኑም አይደለም። ነገሩን የለወጠው የአውቶብሱ መንቀሳቀስ ነው። መጋረጃው እዚህ ውስጥ የለበትም።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች አንድ 3.5 ሜትር ከፍታ ያለው አውቶብስ እንውሰድ። ከኋላው በ3.5 ኪሎ ሜትር ርቀት 350 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ አለ እንበል። ከአውቶብሱ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ስትቆሙ አውቶብሱ ከተራራው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ረዝሞ ይታያል። በ100 ሜትር ላይ ስትቆሙ ግን ተራራው ከአውቶብሱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እስካሁን ሌንስ አልጠራሁም፤ በባዶ ዓይንም ልክ እንደዚሁ ነው። ሌንስ የሚመጣው አሁን ነው። በ10 ሜትር ላይ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ፣ ሲበዛ ረጅም ይባላል) ያነሳችሁትን አውቶብስ፣ በ100 ሜትር ላይ ሆናችሁ በዚያው መጠን ፍሬም ውስጥ ማግኘት ከፈለጋችሁ 240 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አውቶብሱ እኩል ነው፤ ተራራው ወደ አሥር እጥፍ አድጓል። ያ ሦስተኛው አዋቂ ነኝ ባይ ይህን አይቶ «ሌንሱ ሳበው» አለ። ፎቶ አንሺው 90 ሜትር ወደ ኋላ በእግሩ መሄዱን አላየም።

ካላመናችሁኝ ስልካችሁን አውጡ። አንድ ቦታ ላይ ቁሙ፣ እግራችሁን አታንቀሳቅሱ። በአንድ እጥፍ አንሱ፣ ከዚያ በአምስት እጥፍ። የመጀመሪያውን ክሮፕ አድርጋችሁ (ዳር ዳሩን ቆርጣችሁ) ከሁለተኛው ጋር አመሳስሉት። አውቶብሱና ተራራው ልክ እንደ ሁለተኛው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ጥራቱ ግን ይወርዳል። ከ24 ወደ 240 ሚሊ ሜትር ለመድረስ ክሮፕ ብታደርጉ ከስፋቱ አንድ አሥረኛው፣ ከቁመቱም አንድ አሥረኛው ነው የሚቀራችሁ። 48 ሚሊዮን ፒክስል የነበረው ፎቶ ወደ 480 ሺህ ይወርዳል። ረጅም ሌንስ የሚገዛው ለዚህ ነው። ርቃችሁ ከቆማችሁ በኋላ ፒክስል እንዳይባክን። (ብዥታው ግን አንድ አይሆንም። ረጅም ሌንስ የኋላውን ይበልጥ ያደበዝዛል። እሱ ከሌንሱ ቀዳዳ ስፋት የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ብዙ ናቸው።)

አውቶብስ ለምናነሳ ሰዎች ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ሀገር አቋራጭ አውቶብስ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር ነው። ፊቱና ጎኑ አብረው እንዲታዩ ከጥግ በኩል እናነሳዋለን። ወደ 10 ሜትር ተጠግታችሁ በሰፊ ሌንስ ካነሳችሁት ፊቱ ከኋላው ወደ ሁለት እጥፍ ገዝፎ ይወጣል። ስፖኪዮው ተወርውሮ የሚመጣባችሁ ይመስላል፣ ኋላው ይሾላል። 100 ሜትር ርቃችሁ ስታነሱት ልዩነቱ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአውቶብሱ ትክክለኛ ቅርጽ፣ የመስኮቶቹ መስመር፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ስም፣ ሁሉም በወጉ ይታያል። በጣም ከራቃችሁ ደግሞ ርዝመቱ ይጠፋል። 12 ሜትሩ አውቶብስ ቅጥቅጥ አክሎ ቁጭ ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ያለውን እመርጣለሁ፤ ከ40 እስከ 70 ሜትር ድረስ። ይህ የኔ ምርጫ ነው፣ ሕግ አይደለም። ደሴ ላይ ደግሞ ጉም አለ። ክረምት ላይ በእናንተና በአውቶብሱ መካከል ያለው አየር በበዛ ቁጥር ፎቶው ይነጣል። በዚያ ቀን መራቅ ጥቅም የለውም።

ወደ ሾፌሮቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሰው በፎቶ ሲወነጀል ያመኛል። ሁለት አውቶብሶች ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት በ30 ሜትር ተራርቀው ይወርዳሉ እንበል። ፎቶ አንሺው ከፊተኛው 200 ሜትር ላይ ቆሟል። የኋለኛው ከፊተኛው በ13 በመቶ ብቻ አንሶ ነው የሚታየው። ዓይን ይህን «ተጣብቀዋል» ብሎ ያነበዋል። እነዚያኑ አውቶብሶች ከ15 ሜትር ላይ ብታዩዋቸው የኋለኛው የፊተኛውን ሲሶ ብቻ ያህላል፤ ያኔ «ተራርቀዋል» ትላላችሁ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 30 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ይህንኑ አሳይተው ነበር። እነዚያኑ ሰዎች አንዴ በሰፊ፣ አንዴ በረጅም ሌንስ፣ ከተለያየ ቦታ ቆመው አነሱ። በአንዱ ሰዉ ተራርቋል፣ በሌላው ተፋፍጓል።

ሾፌሮቹ ርቀት ጠብቀዋል እያልኩ አይደለም። ያ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን የሚፈተንበት መንገድ ነው፣ ተጠግቶ መንዳትም ያስፈራል። እያልኩ ያለሁት ያ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም ነው። ርቀት ማወቅ የፈለገ ከጎን ያንሳ።

እንጀራዬ ቅየሳ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፤ የኮምቦልቻው ሀዲድ ነገር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር ፎቶ ላይ «ሀዲዱ ተጣሟል፣ ገንዘባችን ባከነ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፎቶው የሚነሳው ሁሌ ሀዲዱን ተከትሎ፣ ከርቀት፣ በረጅም ሌንስ ነው። ቀጥ ያለው ሀዲድ እባብ መስሎ ይታያል። ምሰሶዎቹም በአሥር ቤት በሚቆጠር ሜትር የተራራቁ ሆነው ሳለ ጫካ ይመስላሉ።

አሁን አስሉት። ዓይናችሁ ከሀዲዱ በላይ 1.6 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። 500 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን የ25 ሜትር ሀዲድ ስታዩ፣ ያ 25 ሜትር ከታች ወደ ላይ የሚይዘው ቦታ እዚያው 500 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ማስመሪያ ቢለካ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። 25 ሜትር ርዝመት ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ሲታጠፍ፣ ወደ ጎን ያለው ስፋት ግን አልታጠፈም። በዚያች 25 ሜትር ውስጥ ሀዲዱ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ፎቶው ላይ ትልቅ ጥምዝ ሆኖ ይወጣል። ባቡር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ፎቶው የሚያሳየውን ያህል ጥምዝ አይሰማውም። በመሣሪያችን መነጽር ሩቅ ያለ ምልክት የሚያይ ቀያሽ ሁሉ ይህን ያውቃል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ደግሞ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያወዛውዘዋል፤ ቀጥ ያለውም ነገር ይሞገዳል። ለዚህ ነው የረጅም ርቀት ንባብ በጠዋት የሚወሰደው። ፎቶም እንዲሁ ነው።

ሀዲድ በእውነት አይጣመምም አላልኩም። ይጣመማል፤ ሙቀት ብቻውን ብረቱን ገፍቶ ሊያጣምመው ይችላል። ግን የሚታወቀው በልኬት ነው። ከሀዲዱ ጎን ክር ወጥሮ በመሃል ያለውን ክፍተት መለካት የቆየ ዘዴ ነው፣ አሁንም ይሠራል። የሀዲዱን ስፋትም ቢሆን ከፎቶ ለመገመት አትሞክሩ። የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የኮምቦልቻው 1,435 ነው። ከርቀት በተነሳ ፎቶ ላይ ይህን ልዩነት በዓይኔ እለያለሁ የሚል ሰው አያሳምነኝም።

ይህን ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ደግሞ ሀዲዱ መሃል አትቁሙ። ረጅም ሌንስ ውስጥ የሚመጣ ባቡር ለረጅም ጊዜ የቆመ ይመስላል፤ ርቀቱ ስለታጠፈ መጠኑ ቶሎ አያድግም። ከዚያ በአንዴ ይደርሳል። መስመሩ የተሠራው ለ25 ሺህ ቮልት ነው። ከላይ ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ አለበት ብላችሁ ተነሱ፣ የካሜራ ማቆሚያችሁንም ከፍ አድርጋችሁ አትያዙ። ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ አናግሩ። መናኸሪያም ውስጥ ተራ አስከባሪውንና ረዳቱን ሰላም ብላችሁ፣ ያነሳችሁትን አሳይታችሁ ነው የሚያምረው። አብሽሩ፣ ብዙዎቹ መኪናቸው ሲነሳ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ፎቶ ስታዩ አንሺው የት እንደቆመ እንዴት ታውቃላችሁ? አውቶብሱን ተመልከቱ። የፊትና የኋላ ጎማው በእውነት እኩል ነው፣ በመካከላቸውም ወደ 6 ሜትር አለ። ፎቶው ላይ የሁለቱን ጎማ ቁመት በማስመሪያ ለኩ። የፊቱን ለኋላው አካፍሉ፣ ከሚመጣው ቁጥር ላይ 1 ቀንሱ፣ 6ን ለቀሪው አካፍሉ። የፊቱ ጎማ በ30 በመቶ ከበለጠ አንሺው 20 ሜትር ላይ ነበር። በ6 በመቶ ብቻ ከበለጠ 100 ሜትር ላይ ነበር። ፎቶው ክሮፕ ቢደረግም ባይደረግም፣ በስልክም ይነሳ በትልቅ ካሜራ፣ ስሌቱ አይለወጥም። ግን ይህ የሚሠራው አውቶብሱ ወደ እናንተ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ነው። ወደ ጎን በዞረ ቁጥር 6 ሜትሩ ስለሚያጥር ስሌቱ አንሺውን ከነበረበት አርቆ ያሳያችኋል። በሰፊ ሌንስ ከተነሳ ደግሞ ፍሬሙ ዳር ላይ ያለ ጎማ ስለሚለጠጥ አትለኩት፤ ወደ መሃል የተጠጋ አውቶብስ ፈልጉ።